የውኃ ፓምፕ አሠራርና አፈሳሰስ፤ በጋምቤላ ለሚያስተምሩ የሳይንስ መምህራን የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

የጋምቤላ ክልል በውኃ ሀብት የታደለ ነው። ባሮ፣ አልዌሮ፣ ጊሎና አኮቦ ከምሥራቁ ደጋ ወርደው ሜዳውን ያቋርጣሉ። በክረምት ወራትም ዝናቡ በየስፍራው ኩሬ ያቁራል። ይሁን እንጂ ውኃ መኖሩና የሚጠጣ ውኃ መገኘቱ አንድ ነገር አይደለም። ይህን ልዩነት ከማንኛውም ነገር ይልቅ አጉልቶ የሚያሳየው ጊኒ ወርም የተባለው በሽታ ነው። የትሉን እጭ የተሸከሙ በዓይን ለማየት የሚያዳግቱ ነፍሳት ረግቶ በቆመ ኩሬ ውስጥ ይኖራሉ። ያንን ውኃ ሳያጣራ የጠጣ ሰው አንድ ዓመት ያህል ምንም ሳይሰማው ቆይቶ፣ ትሉ በብርቱ ሥቃይ ቆዳውን፣ አብዛኛውን ጊዜ እግሩን፣ ቀዶ ይወጣል። በኢትዮጵያ በሽታው ለመጨረሻ ጊዜ ተወስኖ የቀረው በጋምቤላ ክልል፣ በተለይም በጎግና በአቦቦ ወረዳዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በአገሪቱ 15 ሰዎች መያዛቸው ተመዘገበ፤ በ2018 እና በ2019 አንድም ሰው አልተያዘም፤ በ2020 ግን 11 ሰዎች እንደገና ተያዙ። ጠፋ የተባለ በሽታ ንጹሕ ውኃ በታጣበት ቦታ ተመልሶ እንደሚመጣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ለዚህ በሽታ መድኃኒትም ሆነ ክትባት የለውም። መከላከያው ከኩሬ የተቀዳውን ውኃ ማጣራትና፣ ከሁሉም በላይ፣ ከመሬት ውስጥ የወጣ ውኃ መጠጣት ነው። ከመሬት ውስጥ ውኃ የሚያወጣው ደግሞ ፓምፕ ነው። ፓምፑ ሥራውን ባቆመ ዕለት መንደሩ ወደ ኩሬው ይመለሳል።

ፓምፕ ሥራውን የሚያቆመው ግን በአንድ ቀን አይደለም። ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ማፍሰስ ይጀምራል፤ ለወራትም ያፈሳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአካባቢያችን የሚታዩትን የፓምፕ ዓይነቶች አሠራር ከመግለጽ ጋር፣ እያንዳንዱ የሚያፈስበትን ስፍራ አመልክቶ፣ መምህሩና ተማሪዎቹ አንዲት ቡሎን ሳይፈቱ፣ በመቁጠርና በመጠበቅ ብቻ፣ ፓምፑ የት ላይ እንደሚያፈስ ሊያውቁ የሚችሉበትን መንገድ ማስረዳት ነው።

1. ፓምፕ ውኃ ‹‹ይስባል›› ወይ?

ተማሪዎች ሁሉ፣ ብዙ መምህራንም፣ ፓምፕ ውኃን ወደ ላይ እንደሚስብ ይናገራሉ። አነጋገሩ የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም። ውኃ እንደ ገመድ የሚጎተት ነገር አይደለምና። ፓምፑ የሚሠራው በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ማውጣት ብቻ ነው፤ ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው ከውጭ በጉድጓዱ ውኃ ላይ የተጫነው የከባቢ አየር ነው።

ጋሊሌዎ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የመሳቢያ ፓምፕ ውኃን ከ10 ሜትር ገደማ በላይ ሊያወጣ አለመቻሉን ጠቅሶ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ የሆነው ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1643 በሜርኩሪ ባደረገው ሙከራ ነው። በባሕር ጠለል ላይ የከባቢ አየር ግፊት 76 ሴንቲ ሜትር ሜርኩሪ ይሸከማል። ሜርኩሪ ከውኃ 13.6 ጊዜ ስለሚከብድ፣ ያው ግፊት 10.3 ሜትር ውኃ ይሸከማል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ማንም ቢገፋ ቢያወጣ ውኃው አይከተልም።

ከባሕር ጠለል ከፍ ባልን መጠን በላያችን ያለው አየር ስለሚሳሳ ይህ ቁመት ይቀንሳል። ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ያህል ላይ በምትገኘው በጋምቤላ ከተማ ቁመቱ 9.7 ሜትር ገደማ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ ግን ወደ 7.8 ሜትር ይወርዳል። ከዚህ ላይ የውኃው ሙቀት የሚፈጥረው እንፋሎት የሚቀንሰው አለ፤ ውኃው 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሞቅ ኪሳራው 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በቱቦው ውስጥ ያለው ፍትጊያና በየመገጣጠሚያው የሚገባው አየር ሲታከልበት፣ በተግባር በጋምቤላ ከ7 ሜትር፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ከ5 ሜትር ብዙ ያልበለጠ ነው መሳብ የሚቻለው። በባሮ ዳር ያለምንም ችግር የሚሠራ ሞተር ወደ ደጋ ተወስዶ በተመሳሳይ ጥልቀት ሲሞከር አልሠራ ቢል፣ ሞተሩን ከመውቀስ በፊት ይህን ማስታወስ ይገባል።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ቀላል ነው። ፓምፕ ማለት ውኃ እንዲያልፍ የሚከፈትና ተመልሶ እንዳይመጣ የሚዘጋ በር ያለው ዕቃ ነው። በሩ በደንብ ካልተዘጋ ፓምፑ ያፈሳል። የፓምፕ ዓይነቶች የሚለያዩትም በበሩ አሠራር ነው።

2. የእጅ ፓምፕ

በክልሉ ገጠሮችና በትምህርት ቤቶች በብዛት የሚገኘው የእጅ ፓምፕ ነው። በኢትዮጵያ በሰፊው ከሚታወቁት መካከል በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በሕንድ አገር የተሠራው ኢንዲያ ማርክ 2 እና በ1980ዎቹ በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ አፍሪካ የተዘጋጀው አፍሪዴቭ ይገኙባቸዋል። ሁለቱም በመሠረቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ከመሬት በታች፣ ውኃው ውስጥ ጠልቆ የተቀመጠ ሲሊንደር አለ። በሲሊንደሩ ውስጥ ከላይ እስከ ታች በሚወርድ የብረት ዘንግ የሚንቀሳቀስ ፒስተን አለ። በፒስተኑ ላይ አንድ ቫልቭ፣ በሲሊንደሩ ግርጌ ደግሞ የእግር ቫልቭ የሚባል ሌላ ቫልቭ አለ።

እጀታው ወደ ታች ሲጫን ዘንጉ ፒስተኑን ወደ ላይ ያነሣዋል። በዚህ ጊዜ የፒስተኑ ቫልቭ ይዘጋል፤ ከበላዩ ያለውም ውኃ በቱቦው ይወጣል። ከበታቹ ባዶ ቦታ ስለሚፈጠር የእግር ቫልቩ ተከፍቶ አዲስ ውኃ ይገባል። እጀታው ወደ ላይ ሲመለስ ፒስተኑ ይወርዳል፤ የእግር ቫልቩ ይዘጋል፤ የፒስተኑ ቫልቭ ይከፈትና የገባው ውኃ ወደ ፒስተኑ በላይ ይሻገራል። አንዱ በር ሲከፈት ሌላው የሚዘጋበት ይህ ቅብብሎሽ ነው የፓምፑ ምስጢር።

ፓምፑ የመሳብ ወሰን የማያግደው ሲሊንደሩ ከውኃው በታች ስለሆነ ነው። ውኃውን ከላይ ሆኖ አይጠብቀውም፤ ከታች ሆኖ ይሸከመዋል። በዚህም የተነሣ አፍሪዴቭ እስከ 45 ሜትር ጥልቀት ይሠራል። ሸክሙ ግን አለ። የአፍሪዴቭ ሲሊንደር ውስጠ ስፋት 50 ሚሊ ሜትር ነው። ውኃው 30 ሜትር ጥልቀት ላይ ቢሆን፣ በፒስተኑ ላይ የሚያርፈው የውኃ ክብደት ብቻ 59 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። እጀታው አራት ለአንድ በሆነ ምጣኔ ቢሠራ የሚጫነው ሰው 15 ኪሎ ያህል ኃይል ያወጣል። አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ እጀታው ላይ ተንጠልጥላ የምትታየው ለዚህ ነው።

በሁለቱ ዓይነቶች መካከል ያለው ዋና ልዩነት ለጥገና የሚመለከት ነው። በኢንዲያ ማርክ 2 ፒስተኑን ለማውጣት ቱቦው በሙሉ ከጉድጓዱ መነሣት አለበት፤ ይህም የሠለጠነ ሰውና ልዩ መሣሪያ ይጠይቃል። በአፍሪዴቭ ግን ሲሊንደሩ ከላይ ክፍት ስለሆነ ፒስተኑም የእግር ቫልቩም በቱቦው ውስጥ ተስበው ይወጣሉ፤ የመንደሩ ሰዎች ጥቂት ሥልጠና ካገኙ የተበላውን ጎማ ራሳቸው ሊለውጡት ይችላሉ።

የእጅ ፓምፕ የሚያፈስባቸው ስፍራዎች አራት ናቸው። አንደኛው ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር የሚያገናኘው ጎማ ነው፤ አሸዋ ያዘለ ውኃ ይህን ጎማ ቶሎ ይበላዋል። ሁለተኛው የፒስተኑ ቫልቭ ነው። ሦስተኛው የእግር ቫልቩ ነው፤ በመቀመጫው ላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ብትገባ እንኳ አይገጥምም። አራተኛው ቱቦው ራሱ ነው፤ የፕላስቲክ ቱቦ በመገጣጠሚያው ይላቀቃል ወይም ይሰነጠቃል፤ የብረት ቱቦ ደግሞ ውኃው አሲድነት ካለው ዝጎ ይበሳል። ከነዚህ አራት ስፍራዎች የሚያፈሰው ውኃ በሙሉ ተመልሶ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። መሬት አይረጥብም፤ ጠብታም አይታይም። ስለዚህ ሰው ‹‹ፓምፑ ያፈሳል›› አይልም፤ ‹‹ጉድጓዱ ደረቀ›› ይላል።

3. ሳይፈቱ መመርመር

የማይታየውን ማፍሰስ ለማወቅ የሚያስፈልገው ሰዓትና ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብቻ ነው። አስቀድሞ ግን አንድ ስሌት ማወቅ ይበጃል። የአፍሪዴቭ ሲሊንደር ውስጠ ስፋት 50 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምት ርዝመት ደግሞ 225 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ በአንድ ሙሉ ምት የሚገኘው ውኃ 0.44 ሊትር ነው። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን፣ ምንም ካላፈሰ፣ በ46 ምት ይሞላል። የኢንዲያ ማርክ 2 ሲሊንደር 63.5 ሚሊ ሜትር፣ ምቱ 125 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በምት 0.40 ሊትር ያህል ይሰጣል፤ ጀሪካኑም በ51 ምት ገደማ ይሞላል። ምቱ ሙሉ መሆን አለበት። ሕፃናት እጀታውን በግማሹ ብቻ ስለሚያንቀሳቅሱት የነሱ ቁጥር ለዚህ ምርመራ አያገለግልም።

የመጀመሪያው ምርመራ የመሙላት ምርመራ ነው። ውኃው ያለማቋረጥ መውረድ ከጀመረ በኋላ ጀሪካኑ በስንት ሙሉ ምት እንደሚሞላ ይቆጠራል። ሁለተኛው የማቆየት ምርመራ ነው። ፓምፑ ውኃ እየሰጠ ሳለ ይቆማል፤ ግማሽ ሰዓት ማንም አይነካውም፤ ከዚያ ውኃው እስኪወጣ ድረስ ምቱ ይቆጠራል። ጤነኛ ፓምፕ ከ5 ምት በፊት ይሰጣል። ሦስተኛው ያንኑ የማቆየት ምርመራ ሌሊቱን ሙሉ ካሳደሩ በኋላ በማለዳ መድገም ነው። ከሦስቱ ውጤት የሚከተለው ፍርድ ይገኛል።

ሀ/ ከእረፍት በኋላ ውኃው ወዲያው ከወጣና የአፍሪዴቩ ጀሪካን ከ50 በማይበልጥ ምት ከሞላ ፓምፑ ጤነኛ ነው።

ለ/ ውኃው ወዲያው ቢወጣም ጀሪካኑ ብዙ ምት ከፈጀ፣ የሚያሾልከው የፒስተኑ ጎማ ወይም ቫልቭ ነው። የእግር ቫልቩና ቱቦው ውኃውን ይዘው አቆይተውታልና።

ሐ/ ውኃው የሚወጣው ዘግይቶ ከሆነ፣ እረፍቱም በረዘመ ቁጥር ምቱ የሚበዛ ከሆነ፣ የሚያፈሰው የእግር ቫልቩ ነው። ውኃው በቱቦው ውስጥ ቀስ በቀስ እስከ ጉድጓዱ ውኃ ወለል ድረስ ይወርዳል።

መ/ ውኃው ዘግይቶ የሚወጣ ሆኖ፣ ከግማሽ ሰዓትም ከሌሊትም በኋላ የምቱ ቁጥር አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ቱቦው ተበስቷል። ውኃው እስከ ቀዳዳው ወርዶ ይቆማል፤ ከዚያ በታች አያልፍም።

ሠ/ ውኃው ወዲያው ወጥቶ፣ በደንብ ሲወርድ ቆይቶ፣ ኋላ አየር እየተፋ ከተቋረጠና ከእረፍት በኋላ እንደገና ከተመለሰ፣ ፓምፑ አያፈስም። ያነሰው የጉድጓዱ ውኃ ነው። ‹‹ደረቀ›› ማለት የሚገባው በዚህ ጊዜ ብቻ ነው።

በ‹‹መ›› የተጠቀሰው ምርመራ የቀዳዳውን ጥልቀት ጭምር ይነግረናል። የአፍሪዴቭ ቱቦ ውስጠ ስፋት ከሲሊንደሩ በጥቂቱ ስለሚበልጥ አንድ ሜትር ቱቦ ከ2 ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ውኃ ይይዛል፤ ይህም 5 ምት ያህል ነው። የምቱን ቁጥር ለ5 ማካፈል የቀዳዳውን ጥልቀት በሜትር ይሰጣል። ይሁን እንጂ የተገኘው ጥልቀት ከጉድጓዱ ውኃ ወለል ጋር እኩል ከሆነ፣ የእግር ቫልቩ በብርቱ እያፈሰ ሊሆን ስለሚችል ፍርዱን ማቆየት ይገባል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለማስተማር ልምምድ ከወጡ ዕጩ መምህራን ጋር አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ጎብኝቶ ነበር። የትምህርት ቤቱ አፍሪዴቭ ፓምፕ ጀሪካን ለመሙላት 65 ምት ይፈጅ ነበር። የውኃ ኮሚቴው ጉድጓዱ እየደረቀ ነው ብሎ ደምድሞ፣ ሌላ ጉድጓድ እንዲቆፈር ማመልከቻ አዘጋጅቶ ነበር። ከእናቶቹም ጥቂቶቹ ሰልፉ ስለሰለቻቸው ወደ ኩሬው መሄድ ጀምረው ነበር። ዕጩ መምህራኑ ስሌቱን ሠሩ። 65 ምት 28.7 ሊትር መስጠት ሲገባው 20 ብቻ ሰጥቷል፤ ከመቶ 30 እጅ ተመልሶ ይወርዳል ማለት ነው። ፓምፑን ግማሽ ሰዓት አቆይተው ሲሞክሩ ውኃው በ15ኛው ምት ወጣ። አንደኛው ዕጩ ‹‹የእግር ቫልቩ ነው›› አለ። ሌላዋ ግን እስከ ጠዋት እንዲጠበቅ ጠየቀች። በማግስቱ ማንም ሳይቀዳ በማለዳ ሲሞከር ውኃው እንደገና በ15ኛው ምት ወጣ። 15 ለ5 ሲካፈል 3 ነው። የቱቦው አንድ ዘንግ ርዝመትም 3 ሜትር ያህል ነው። የፓምፕ ጥገና ባለሙያው መጥቶ የላይኛውን ቱቦ ሲያነሣ የመጀመሪያው መገጣጠሚያ ተላቅቆ ተገኘ። ማመልከቻው ሳይላክ ቀረ።

ከዚህ ጉዳይ ትልቁ ትምህርት የተቆጠበው ገንዘብ አይደለም። ‹‹እስከ ጠዋት እንጠብቅ›› ያለችው ዕጩ መምህርት የሠራችው፣ ሁለት መላምቶችን የሚለይ አንድ ተጨማሪ ሙከራ መፈለግ ነው። ሳይንስ ማለትም ይኸው ነው።

4. የገመድ ፓምፕ፤ አፍስሶም የሚሠራ

ጥልቀት በሌላቸው ጉድጓዶች ላይ የገመድ ፓምፕ ይተከላል። ይህ ፓምፕ ቫልቭ የለውም። በተሽከርካሪ ላይ የሚዞር ገመድ አለ፤ በገመዱ ላይ በየመጠነ ርቀቱ ክብ የፕላስቲክ ወይም የጎማ ቁራጮች ታስረዋል። ገመዱ በቱቦ ውስጥ ወደ ላይ ሲያልፍ ቁራጮቹ ውኃውን ይዘው ይወጣሉ።

ቁራጮቹ የቱቦውን ግድግዳ አይነኩም፤ ቢነኩ ፍትጊያው ገመዱን ይይዘዋል። ስለዚህ በየቁራጩ ዳር ውኃ ዘወትር ይወርዳል። ፓምፑ የሚሠራው ገመዱ ከሚወርደው ውኃ ይልቅ ስለሚፈጥን ብቻ ነው። ቀስ ብሎ የሚያዞረው ሰው በወንፊት ውኃ እንደሚቀዳ ሰው ነው፤ ይደክማል እንጂ አያገኝም። ቁራጮቹ እየተበሉ ሲሄዱም ፓምፑ ፈጽሞ አይቆምም፤ ፈጥኖ ማዞርን ብቻ ይጠይቃል። ከዚህ እንደምንረዳው ማፍሰስ ሁሉ ብልሽት አይደለም። ጥያቄው ከሚወጣው ውኃ አንጻር የሚፈሰው ምን ያህል ነው የሚለው ነው።

5. የሞተር ፓምፕ

በባሮና በሌሎቹ ወንዞች ዳር አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች የሚጠቀሙበት ባለ ሞተር ፓምፕ ሴንትሪፉጋል የሚባለው ዓይነት ነው። በውስጡ ክንፎች ያሉት ጎማ በፍጥነት ይሽከረከራል። ውኃው ከመሐል ገብቶ በሽክርክሪቱ ወደ ዳር ይወረወራል፤ የተወረወረውም ውኃ ፍጥነቱ ወደ ግፊት ተለውጦ በመውጫው ይሄዳል።

ይህ ፓምፕ በመግቢያና በመውጫው መካከል የሚዘጋ በር የለውም። ውኃውን የሚይዘው ፍጥነቱ ነው። በዚህም ምክንያት አየር ማንቀሳቀስ አይችልም፤ አየር ከውኃ 800 ጊዜ ያህል ስለሚቀል ቢወረወርም ግፊት አይፈጥርም። ስለዚህ ከመነሣቱ በፊት ፓምፑና መሳቢያ ቱቦው ውኃ መሞላት አለባቸው፤ ያንን ውኃ እንዳይፈስ የሚይዘው በወንዙ ውስጥ የገባው የእግር ቫልቭ ነው።

የሞተር ፓምፕ የሚያፈሰው በሦስት መንገድ ነው።

አንደኛው በመሳቢያው ቱቦ በኩል ነው። በዚህ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያነሰ ስለሆነ፣ ቀዳዳ ቢኖር ውኃ ወደ ውጭ አይወጣም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ። ቱቦው ከውጭ ደረቅ ነው፤ ፓምፑ ግን ውኃ ይተዋል። ምርመራው ሞተሩን አጥፍቶ ቱቦውን ውኃ መሙላትና መጠበቅ ነው። ሞተሩ ሲሠራ አየር ያስገባ የነበረው ቀዳዳ ሲቆም ውኃ ያንጠባጥባል። የእግር ቫልቩ ካልገጠመ ደግሞ የተሞላው ውኃ ከላይ ሲጎድል ይታያል።

ሁለተኛው በዘንጉ ዙሪያ ነው። የሚሽከረከር ዘንግ ከማይሽከረከር አካል ውስጥ በሚወጣበት ቦታ ፍጹም ማሸግ አስቸጋሪ ነው። በቀድሞዎቹ ፓምፖች ቅባት የተነከረ ማሸጊያ ገመድ በዘንጉ ዙሪያ ይጠመጠማል፤ በቡሎንም ይጠብቃል። ይህ ማሸጊያ ጥቂት ማንጠባጠብ አለበት። የሚንጠባጠበው ውኃ ዘንጉን ያቀዘቅዛል፤ ያለሰልሰዋልም። ‹‹ለምን ያንጠባጥባል?›› ብሎ ቡሎኑን እስከ መጨረሻ ያጠበቀ ሰው ገመዱን ያቃጥላል፤ ዘንጉንም ይፍቀዋል። በአዳዲሶቹ ፓምፖች ግን ሁለት የለዘቡ ቀለበቶች እርስ በርስ የሚገጥሙበት ማሸጊያ ይገኛል። እንዲህ ያለው መንጠባጠብ ሲጀምር መለወጥ አለበት፤ ቆይቶ ውኃው ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ ያበላሸዋልና። ስለዚህ የጠብታው ትርጉም በማሸጊያው ዓይነት ይወሰናል።

ሦስተኛው በውስጥ የሚሾልከው ነው። በሚሽከረከረው ጎማና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት በአሸዋ እየተበላ ሲሰፋ፣ ከግፊት የወጣው ውኃ በክፍተቱ ተመልሶ ወደ መሐል ይገባል። ሞተሩ ያው ነው፤ ነዳጁም ያው ነው፤ የሚወጣው ውኃ ግን ያንሳል።

ከጥልቅ ጉድጓድ ውኃ የሚያወጣው ተጠማቂ ፓምፕም የዚሁ ዘር ነው። ሞተሩና በርካታ ክንፍ ያላቸው ጎማዎች በአንድ ረጅም ዘንግ ላይ ተደርድረው ከውኃው በታች ይሰቀላሉ፤ እያንዳንዱ ጎማ ከበፊቱ የተቀበለውን ግፊት ጨምሮ ያሳልፋል። ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ ከደቡብ ሱዳን ብዙ ስደተኞች ወደ ክልሉ በገቡ ጊዜ፣ በኢታንግ በባሮ አቅራቢያ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ውኃ እየተገፋ ለኢታንግ ከተማ ነዋሪዎችና በኩሌና በቴርኪዲ መጠለያዎች ለሚኖሩት ስደተኞች እንዲዳረስ የተደረገው በእንዲህ ዓይነቱ ፓምፕ ነው። ከበላዩ ያለው የማያስመልስ ቫልቭ ካፈሰ፣ ፓምፑ በቆመ ቁጥር በቱቦው የቆመው ውኃ ተመልሶ ወርዶ ጎማዎቹን ወደ ኋላ ያዞራል፤ በዚያች ሰዓት ሞተሩ ቢነሣ ዘንጉ ሊሰበር ይችላል።

6. ሌሎች ፓምፖች፤ ከመኪና እስከ ሰው አካል

መምህሩ ትምህርቱን በውኃ ብቻ መወሰን የለበትም። የመኪና ዘይት ፓምፕ በሁለት ጥርሳም ማርሾች ይሠራል። ዘይቱ በጥርሶቹና በቤቱ ግድግዳ መካከል ተይዞ ዙሪያውን ይወሰዳል፤ ጥርሶቹ የሚጋጠሙበት መሐል ደግሞ መመለሻውን ይዘጋል። ዘይቱ ሲሞቅ ስለሚቀጥን በጥርሶቹ ዳር የሚያሾልከው ይበዛል። ያረጀ ሞተር ከጋምቤላ እስከ ጎሬ ያለውን አቀበት ሲወጣ የዘይት ግፊት አመልካቹ የሚወርደው ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነው። በአንዳንድ መኪኖች ያለው የቤንዚን ፓምፕ ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች በሚንቀሳቀስ ስስ ጎማና በሁለት ትንንሽ ቫልቮች ይሠራል። ምንም የሚፋተግ ማሸጊያ ስለሌለው ስሱ ጎማ እስካልተቀደደ ድረስ አያፈስም፤ ሲቀደድ ግን በአንድ ጊዜ ነው።

ከሁሉም የሚደንቀው ፓምፕ በተማሪው ደረት ውስጥ ያለው ነው። የአዋቂ ሰው ልብ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያወጣል፤ በደቂቃ 70 ጊዜ ቢመታ 5 ሊትር ገደማ ይሆናል። ልብ አራት ቫልቮች አሏት። ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም በሚያስከትለው የሩማቲክ ትኩሳት ቫልቮቹ ሲጎዱ ደም ተመልሶ ይሾልካል፤ ሐኪሙም በማዳመጫው የሚሰማው ይህንኑ መሾለክ ነው። ልብ በዚህ ጊዜ እንደ ተበላ ፓምፕ ለተመሳሳይ ሥራ ብዙ ትለፋለች። የፓምፕን ትምህርት የተረዳ ተማሪ የሕፃናት የጉሮሮ ሕመም ለምን ችላ መባል እንደሌለበት ጨምሮ ይረዳል።

7. ወደ ውስጥ የሚያፈስ

እስካሁን የተናገርነው ውኃ ስለሚያባክን ማፍሰስ ነው። ከዚህ የከፋ ግን አለ። የእጅ ፓምፕ በቆመበት ዙሪያ የሚሠራው የሲሚንቶ ወለል ለእግር ጭቃ መከላከያ ብቻ አይደለም፤ የጉድጓዱ ክዳን ነው። ወለሉ ከተሰነጠቀ፣ የፓምፑ መቆሚያ ከተነቃነቀ፣ የፈሰሰው ውኃ መሄጃ አጥቶ ከቆመ፣ ከብት የረገጠው እጣቢ በስንጥቁ ተመልሶ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2022 ክረምት ባሮ ከልኩ አልፎ የጋምቤላን ከተማ ጭምር ባጥለቀለቀ ጊዜ እንደታየው፣ ጎርፍ በዚህ ክልል እንግዳ አይደለም። ጎርፍ የተኛበት ጉድጓድ ውኃው የጠራ ቢመስልም ታክሞ ሳይመረመር መጠጣት የለበትም። በዚህ ማፍሰስ ጀሪካኑ በ46 ምት ይሞላል፤ ጉድለቱ የሚታየው በጤና ጣቢያው ነው።

8. በክፍል ውስጥ

ለዚህ ትምህርት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። መርፌው የወጣ የሕክምና ስሪንጅ ሲሊንደርና ፒስተን ይሆናል። ብይ በፕላስቲክ ጠርሙስ አንገት ላይ ሲቀመጥ ቫልቭ ይሆናል፤ በሥሩ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ሲደረግበት ደግሞ የሚያፈስ ቫልቭ ይሆናል። የብስክሌት መንፊያ ቆዳው ሲደርቅና ዘይት ሲቀባ የሚያሳየው ልዩነት የማሸጊያን ጥቅም ያስረዳል። ከትምህርት ቤቱ ቧንቧ የሚንጠባጠበውን መቁጠር መልካም የሒሳብ ሥራ ነው። 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ይሆናል፤ በሴኮንድ አንድ ጠብታ በቀን ከ4 ሊትር በላይ ይሆናል።

ክልሉ የአኙዋ፣ የኑዌር፣ የመዠንግር፣ የኦፖና የኮሞ ሕዝቦች መኖሪያ ነው። ስለዚህ መምህሩ የክፍሎቹን ስም ከመጽሐፍ ከመስጠቱ በፊት፣ ተማሪዎቹ ‹‹ፈሰሰ››፣ ‹‹አንጠባጠበ››፣ ‹‹ሾለከ›› የሚሉትን በየቋንቋቸው ምን እንደሚሏቸው እንዲናገሩ ቢያደርግ ይመረጣል። በአፍ መፍቻ ቋንቋው የለየውን ነገር ተማሪው በሌላ ቋንቋ አያደናግረውም።

ከሁሉም በላይ ትምህርት ቤቱ አንድ ደብተር ይክፈት። በየወሩ በተወሰነ ቀን የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ጀሪካን የሞላበትን የምት ቁጥርና ከግማሽ ሰዓት እረፍት በኋላ ውኃ የወጣበትን ምት ይጻፉ። ቁጥሩ 46፣ 48፣ 53፣ 60 እያለ ሲወጣ ያየ ተማሪ የመጨረሻውን ቀን አስቀድሞ ያውቀዋል።

ማጠቃለያ

የፓምፕ ዓይነቶች ብዙ ናቸው፤ የሚያፈስባቸውም ስፍራዎች እንደዚሁ። አንዳንዱ ማፍሰስ ብልሽት ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ የአሠራሩ አካል ነው። የሚታየው ጠብታ ዘወትር አደገኛው አይደለም፤ የማይታየው ይበልጣል። ይህን ለይቶ ማወቅ የባለሙያ ብቻ ሥራ ነው ብለን እንዳንተወው፣ ባለሙያው በወረዳው ከተማ፣ ፓምፑ ግን በትምህርት ቤታችን ደጃፍ መሆኑን ማሰብ ይበቃል። የጎማ ማሸጊያ ለመለወጥ ግማሽ ቀን ይበቃል። ሳይለወጥ ቀርቶ ወደ ኩሬው የተመለሰ መንደር ግን ውጤቱን የሚያውቀው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው።